ከፎጣ ስር ያለ ካምቢዮ

«አይችለውም አልኩህ እኮ። ካምቢዮው አይችለውም። ለሳህራ ግን እንዳትነግራት፤ አባዬም እንዳይሰማ።»

ልደት ይህን የሰማችው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ነው። ማድ ቤቱንና የውሃ ቧንቧውን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ቆርቆሮውም ሚስማር በበሳው ቀዳዳ ሁሉ ወሬ ያሳልፋል። ወንድሟ ወንደሰን ከማዶ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል ወትፎ ፊቱን ይታጠባል። የሚያነጋግረው መካኒኩን ጌዲን መሆኑን በሶማልኛው «ዋርያ»፣ አንተ ሰው፣ እያለ ከሚጠራበት ቅላጼ አወቀች። ውሃው መውረዱን አቆመ። «ዛሬ እኔ እጨርሰዋለሁ፤ አንተ አፍህን ብቻ ያዝልኝ» አለና ስልኩን ዘጋ። ልደት የማንቆርቆሪያው እጀታ መዳፏን ሲለበልባት ነው መያዟ ትዝ ያላት።

መኪናው ግቢው መሀል አቧራ ለብሶ ቆሟል። ከልደት በዕድሜ የሚበልጥ ላንድክሩዘር ነው። አባቷ አቶ የጌታሁን ዐይናቸው እስኪከዳቸው ድረስ ከጅግጅጋ ቶጎጫሌ፣ ከቶጎጫሌ ጅግጅጋ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱበት ኖረዋል፤ ቤቱም የሚተዳደረው በእሱ ነው። አሮጌው ሞተር ካራማራ አቀበት ላይ ነፍሱን ሰጥቶ የቀረ ጊዜ፣ ጎረቤታቸው ሳህራ ከቶጎጫሌ ሌላ ሞተር አስመጣች። ትልቅ ነው፣ ቱርቦ ያለው፤ ከድሮው ጎን ሲያስቀምጡት በሬ ጥጃ አጠገብ የቆመ ይመስል ነበር። ስምምነቱ በቃል ሆነ። አካሉና ካምቢዮው የአቶ የጌታሁን፣ ሞተሩ የሳህራ፣ ሹፌሩ ወንደሰን፣ የሚገኘው እኩል። የዚያን ዕለት ሳህራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «አሮጌው ካምቢዮ ይሄን ሞተር ይችለዋል ወይ?» ወንደሰን ለማሰብ እንኳ ፋታ ሳይወስድ «አባዬ ይሙት፣ ይችለዋል!» አለ። አቶ የጌታሁን ከወንበራቸው ላይ «እኔን ገድለህ ካምቢዮ ልታድን ነው?» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብለው «ሳህራ፣ ይሄ ካምቢዮ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ቡሎኑ ተፈትቶ አያውቅም። ኦርጂናል ነው» አሉ። አባቷ ይህችን ቃል የሚሏት ሌላ ሰው ስለ ልጁ ጨዋነት እንደሚናገረው አድርገው ነበር።

ሳህራ ደግሞ እንዲሁ ጎረቤት አይደለችም። ከተማው በታመሰበት በዚያ ክረምት፣ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለውን ቆርቆሮ በገዛ እጇ ገንጥላ ልደትንና እናቷን ጓዳዋ ያስገባች ናት። እናቷ ካረፈች ቆይታለች። የተገነጠለው ቆርቆሮ ግን ተመልሶ አልተመታም፤ በር ሆኖ ቀረ፣ በሳህራ በኩል በሽቦ ማንጠልጠያ ይያዛል። ነገ ጠዋት የሳህራ ልጅ ሳብሪን፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ በዚሁ መኪና ካራማራን አልፋ ሐረር ሐኪም ዘንድ ልትሄድ ነው። ሻንጣዋ ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅቷል።

ልደት ሻዩን ይዛ ገባች። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሶፋ፣ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ሥዕለ ማርያምና የአባቷ የወጣትነት ፎቶ፣ አንድ እጃቸውን መኪናው ኮፈን ላይ አሳርፈው። አቶ የጌታሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። የማያዩ ዐይኖቻቸው ሁልጊዜ ወደ በሩ ናቸው፤ መኪናው ሲገባና ሲወጣ ጆሯቸው ብቻ ይከተለዋል። ወንደሰን ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ዳቦ ይቆርሳል። በዚህ ቤት እናታቸው ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ነው።

«ሁለተኛው ላይ ያለቅሳል» አሉ አቶ የጌታሁን ድንገት።

«ምኑ?»

«ካምቢዮው። ትናንት ማታ ስትገባ ሰምቼዋለሁ።»

«ሞተሩ ነው አባዬ። አዲስ ስለሆነ ድምፁ ሌላ ነው፤ ገና አልለመዱትም።»

አባቷ ብርጭቋቸውን በጣታቸው ፈልገው አገኙና ፉት አሉ። ልደት ወንድሟን አየችው። እሱ ዳቦውን እያየ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ሰው አያይም፤ እጁ ላይ ያለውን ነገር ነው የሚያየው። እንደምንም ድፍረት ሰብስባ «ካምቢዮው ግን… ደህና ነው አይደል ወንዴ?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ከጉሮሮው አላለፈም። «ዩኒቨርሲቲ ልከን ያስተማርንሽ ሶሲዮሎጂ መስሎኝ። ካምቢዮም አለበት እንዴ?»

ልደት ሰው ሲቀልድባት መልስ የሚመጣላት ብርጭቆ ስታጥብ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚሰማት የለም። ወንደሰን ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ሞተሩ ተነሳ፤ ወፍራም፣ ጉልበተኛ ድምፅ። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ አንዳች ነገር ጥርሱን አፋጨና ዝም አለ። አቶ የጌታሁን አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አደረጉ፤ ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ዳቦ ጠየቁ።

ለሳህራ መንገር አለባት። ይህን ስታስብ እግሯ ቀድሟት በቆርቆሮው በር ማዶ ተሻግሮ ነበር። የሳህራ ክፍል ምንጣፍና ትራስ ነው፤ ጥግ ላይ ገና ያልተፈቱ የቶጎጫሌ ጨርቆች እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድረዋል። ሳህራ መሀል ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። ከጎኗ የተከፈተ ሻንጣ አለ፤ ተምር፣ ማር፣ ሁለት ብርድ ልብስ። ሳብሪን ከውስጠኛው ክፍል ተኝታ ትንፋሿ ይሰማል።

«ነይ ሊዱ፣ ነይ ልጄ። ሻሂ ጠጪ። የግመል ወተቱ ግን የዛሬው ውሃ ነው፤ ያቺ ሴትዮ ግመሏን ከቧንቧ ነው መሰለኝ የምታልባት። ዋጋው ግን አይቀጥንም፣ እሱ በየቀኑ ይወፍራል።»

ልደት ተቀመጠች። ብርጭቆውን ተቀበለች። «ኤዶ ሳህራ…» አለች። በዚህ ሰፈር ልጆች ሁሉ ሳህራን በሶማልኛው ኤዶ፣ አክስት፣ ነው የሚሏት፤ ልደትም አፏን የፈታችበት ቃል ነው።

«ወይ?»

«መንገዱ… ለሳብሪን አይከብዳትም?»

«እንዴት አይከብዳት! ግን አውቶቡስ ላይ ሰው ከሚረግጣት በራሳችን መኪና ጋቢና ተንጋላ ብትሄድ አይሻልም? ወንዴ ቀስ አድርጎ ይወስዳታል። ደግሞ ምሏል። በአባቱ የማለ ልጅ።» ሳህራ አንዲት ትንሽ ካልሲ በሌላዋ ውስጥ ከተተች። «እኔ የሞተር ነገር አላውቅም፤ ሰው ነው የማውቀው።»

ልደት ሻዩን ጠጣች። ጣፋጭ ነበር፣ ከመጠን በላይ ጣፋጭ። እዚህ ላይ መናገር ትችል ነበር። ግን «ወንድሜ ዋሽቶሻል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አፏ ውስጥ ሲዞር የማን ልጅ እንደሆነች ያስረሳታል። ምናልባት የሰማችው ሌላ ነው። ምናልባት ስለ ሌላ መኪና ነው ያወሩት። መጀመሪያ እርግጠኛ ልሁን አለች ለራሷ፤ ሰው የሚፈራውን ነገር ለማዘግየት ሲፈልግ እርግጠኛ መሆን ያምረዋል። ብርጭቆውን አስቀምጣ አመስግና ወጣች።

የጌዲ ጋራዥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ባለ ሁለት ግድግዳ፣ ሌላው ክፍት፣ መሬቱ በዘይት ብዛት ጥቁር አስፋልት መስሏል። ልደት የመጣችበት ምክንያት እጇ ላይ ነው፤ ወንደሰን የረሳው የስልክ ቻርጀር። ጌዲ አንድ ሚኒባስ ሥር ተኝቶ ነበር። እግሯን አይቶ ወጣ፤ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፣ ጢሙን በሂና ያቀላ።

«አባዮ!» አላት፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው። «ወንዴን ነው? የለም፣ ሄዷል።»

«የት?»

«ከብት ገበያ ነው መሰለኝ» አለና ወዲያው ያለው ቃል የቆጨው ይመስል ምላሱን በጥርሱ ነከስ አደረገ። «ወይም ሌላ ቦታ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ከብት ገበያ መኪና ምን ያደርጋል? ልደት ዙሪያውን አየች። ግድግዳው ሥር፣ አንድ ክፍት ጣሳ ውስጥ የወጣ ዘይት አለ። የካምቢዮ ዘይት የሞተር ዘይት ያህል አይጠቁርም፤ ይህን ከአባቷ ታውቃለች፤ ልጅ ሳለች ከመኪናው ሥር ተኝተው ሲቀይሩ ፋኖስ የምትይዘው እሷ ነበረች። ይሄኛው ወርቃማ ነው፤ ውስጡ ግን ፀሐይ ስታርፍበት የተፈጨ ብረት ያብለጨልጫል፣ የዓሣ ቅርፊት ተፈጭቶ የተበተነበት ይመስል። ጎንበስ አለች። ጌዲ እጁን የጠረገበትን ጨርቅ፣ እንዲያው እንደዋዛ፣ ጣሳው ላይ ጣል አደረገው።

«ጌዲ፣ የእኛ መኪና ካምቢዮ አዲሱን ሞተር ይችለዋል?»

«ማነው አይችልም ያለው?»

«ማንም አላለም። እየጠየቅኩህ ነው።»

«ካምቢዮ እንደ ሽማግሌ ነው አባዮ። ጎረምሳ ልጅ እጁን ይዞ ቀስ ብሎ ቢወስደው የትም ይደርሳል፤ ቢጎትተው ይወድቃል።» በምሳሌው ራሱ የተደሰተ መሰለ። «ቀስ ብሎ ለሚነዳ ይችላል።»

«ካራማራ ቁልቁለት ላይስ?»

ጌዲ ፈገግታውን ሰበሰበ። «ቁልቁለት ላይ… ማርሹ ራሱ ካልወጣ ምንም አይልም» አለ። እንደገናም ምላሱን ነከሰ፤ ሚኒባሱ ሥር ተመልሶ ገባ። የሰው እግር ብቻ ሲታይ መጠየቅ አይመችም። ልደት ቻርጀሩን እንደያዘች ቆየችና ባጃጅ አስቆመች።

የከብት ገበያው አቧራ ከሩቅ ይታያል። ግመሎች አንገታቸውን ከሰዎቹ በላይ ዘርግተዋል፤ ፍየሎች በነጠላ ገመድ ተደርድረው ታስረዋል። ገበያው ድምፅ አልባ አይደለም፣ ዋጋው ግን ድምፅ የለውም። እዚህ ገዢና ሻጭ ወይም ደላሎቻቸው እጅ ለእጅ ይያያዙና ላያቸው ላይ ፎጣ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት ጣቶች ናቸው። አንዱ ጣት ሲጨበጥ ይህን ያህል፣ ሁለቱ ሲጨበጡ ያን ያህል፤ አፍ ስለ ዝናብና ስለ ዘመድ ጤንነት ያወራል፣ በዙሪያ የቆመ ሰው ምንም አይሰማም። ልደት ልጅ ሳለች ይህን ስታይ ከፎጣው ሥር ሁለት ትንንሽ እንስሳት የሚታገሉ ይመስላት ነበር።

መኪናውን ያገኘችው ከገበያው ዳር፣ አንድ የግራር ጥላ ሥር ነው። ወንደሰን ጀርባውን ሰጥቷታል። ከፊቱ የቆመው ፈይሰል ነው፤ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ደላላ፣ ግመል፣ ቤት፣ ጎማ፣ የሚሸጥ ነገር ሁሉ በእሱ ያልፋል። አንድ እግሩን የመኪናው ጎማ ላይ አሳርፏል። ቀኝ እጁ ከወንደሰን ቀኝ እጅ ጋር ተያይዟል፤ ላያቸው ላይ ያ ጠዋት ወንደሰን አንገት ላይ የነበረው ፎጣ አለ። ፎጣው ይንቀሳቀሳል። ፈይሰል አንገቱን ይነቀንቃል፣ ወንደሰን ይቆጣል፣ ፈይሰል ይስቃል። ልደት ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዳስ ኋላ ቆማ ታያለች። ፎጣው ጸጥ አለ። እጆቹ ከፍ ብለው ተመቱ፤ «በረካ!» አለ ፈይሰል ጮክ ብሎ። እና የመኪናውን ኮፈን፣ ልክ የተገዛ በሬ ዳሌ እንደሚመታ፣ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ።

ሸጠው። ካምቢዮው ሳይሰበር፣ ሰው ሳያውቅ፣ ከነሳህራ ሞተር። ጠዋት «ዛሬ እጨርሰዋለሁ» ያለው ይህ ነው። ነገሩ ሁሉ፣ የዘይቱ ብልጭታ፣ የጌዲ ምላስ፣ አባዬ እንዳይሰማ ማለቱ፣ እንደ ተፈታ ክር ቀጥ አለላት። ቀርባ «ምን እያደረግክ ነው?» ልትለው ትችል ነበር፤ በመሀላቸው ያለው ጥቂት ፍየልና ጥቂት አቧራ ነው። ግን ወንዶች በተሰበሰቡበት መሀል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ዞር ብላ ሄደች።

ሳህራ አሁንም ሻንጣው አጠገብ ነበረች። ልደት በሩ ላይ እንደቆመች ነገረቻት፤ ስልኩን፣ ጣሳውን፣ ፎጣውን። ስትናገር ድምፅዋ ከሌላ ሰው የሚወጣ መሰላት፣ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ። ሳህራ አላቋረጠቻትም። ጨርሳ ዝም ስትል ሳህራ ካጠፈችው ልብስ ላይ አንዱን አንስታ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው።

«ፎጣውን አይተሻል። ጣቶቹን አይተሻል?»

«ኧረ… እንዴት አያለሁ?»

«እኮ። ከፎጣ ሥር ገዢና ሻጭ አይለይም፣ ልጄ። ሁለቱም እጅ ናቸው።» ተነስታ ሻርፗን አስተካከለች። «ነይ፣ አባትሽ ዘንድ እንቀመጥ። ሲመጣ እንጠይቀዋለን።»

ከሰዓቱ ረዘመ። ሳህራና አቶ የጌታሁን ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ልደት ደረጃው ላይ። አባቷ ሳህራ በመምጣቷ ደስ ብሏቸዋል፤ ስለ ድሮው የቶጎጫሌ መንገድ ያነሱላታል፤ አንድ ጊዜ ከዚያው መልስ ጎርፍ ይዟቸው በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ሌሊቱን እንዴት እንደወጡ። «ያ ካምቢዮ ባይሆን ኖሮ እኔ የለሁም» ይላሉ። ሳህራ «ማሻአላህ» ትላለች፣ ዐይኗ በሩ ላይ። ልደት አባቷ ሳያውቁ ሁለት ሰዎች ያወቁትን ደብቀውባቸው መቀመጣቸውን ስታስብ፣ ጠዋት ወንደሰን በእሳቸው ላይ ካደረገው በምን እንደሚለይ ግራ ገባት።

መኪናው ሲገባ ካምቢዮው ጥርሱን አፋጨ። ወንደሰን ሳህራን አየ፣ ልደትን አየ፤ ሞተሩን አጠፋና ከጋቢናው ለመውረድ ዘገየ። ከኋላ ጭነቱ ላይ በሸራ የተሸፈነ አንድ ከባድ ነገር አለ።

«ወንዴ» አለች ሳህራ ሳትነሳ። «ያን ቀን የጠየቅኩህን ልድገምልህ። አሮጌው ካምቢዮ ይሄን ሞተር ይችለዋል ወይ?»

ወንደሰን እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ። «አይችለውም» አለ በመጨረሻ። «ሁለተኛውን ማርሽ ይተፋል። ሦስተኛውም ጀምሯል።» ከዚያ ቃሉ ሁሉ በአንድ ላይ ወጣ። «ግን ጨርሼዋለሁ ኤዶ! ሌላ ገዛሁ። የትልቁ ሞተር ካምቢዮ ነው፣ ከሞተሩ ጋር ልኩ። ፈይሰል ካንድ ከተገለበጠ መኪና ያወጣው። ይኸው ኋላ አለ። ጌዲ አሁን መጥቶ ይገጥመዋል፣ ጠዋት ሳብሪን በሰላም ትሄዳለች። ማንም ሳይጨነቅ። እኔ… ምያለሁ እኮ። በአባዬ ምዬ አይችልም ብዬ እንዴት ልመጣ?»

ገዛ ማለት ነው። ልደትን እፎይታና እፍረት እኩል ያዟት። ወንደሰን ወደ እሷ ዞረ፤ ያለ ቁጣ፣ ደክሞት። «ገበያ ላይ በመኪናው መስታወት አይቼሻለሁ። ከሻይ ዳሱ ኋላ። ነይና ጠይቂኝ ብዬ ጠበቅኩሽ።»

«በምን ገዛኸው?» አሉ አቶ የጌታሁን። እዚያ መኖራቸውን የረሳ ይመስል ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«ትንሽ ጨምሬ… ለወጥኩት።»

«በምን ለወጥከው?»

መልሱ እዚያው መኪናው ሥር ነበር፤ ጌዲ ሲያወርደው ለፈይሰል የሚሰጠው አሮጌው ካምቢዮ።

«ኦርጂናል፣ ተከፍቶ የማያውቅ ብለህ» አሉ አባቱ ዝግ ብለው። «የእኔን ቃል ነው የሸጥከው። ማርሽ እንደሚተፋ ነግረኸዋል?»

«እሱ አልጠየቀኝም አባዬ። በሸደር መስመር ለሚሠራ ሰው ነው የሚፈልገው፣ አሮጌ ሞተር ላለው። አሮጌ ሞተር ላይ ምናልባት…»

«ምናልባት» አለች ሳህራ። «የዚያም ሰው ቤት አንዲት ሳብሪን ትኖራለች።»

ልደት ተነስታ ወደ መኪናው ሄደች። ለምን እንደሄደች አላወቀችም፤ ምናልባት ሁሉም እየተናገረ እሷ የምትይዘው ነገር ስለፈለገች ነው። ሸራውን ገለጠችው። ካምቢዮው ትልቅና ብርማ ነበር፣ ንጹሕ፣ ከፋብሪካ ትናንት የወጣ ይመስላል። በጣም ንጹሕ። እጇን አሳረፈችበት። ስታነሳው አራቱም ጣቶቿ ብር ሆነው ነበር።

«ወንዴ» አለች፤ ድምፅዋ ግቢው ውስጥ ሲሰማ ራሷን አስደነገጣት። «ቀለሙ አልደረቀም።»

ወንደሰን ሮጦ መጣ። ጣቷን አየ፣ ካምቢዮውን አየ፣ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ከብሩ ሥር ዝገትና በብየዳ የተደፈነ ስንጥቅ ወጣ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሳህራ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ። «ወላሂ!» አለች፣ «አንተ የታመመ ሰጠኸው፣ እሱ የሞተ ሰጠህ! ከዚያ ደግሞ በረካ ተባባላችሁ!»

አቶ የጌታሁን አልሳቁም። «ልደት፣ አምጪልኝ» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። የቱን እንደሆነ አልገባትም ነበር፤ ክንዳቸውን ያዘችና ወደ መኪናው ወሰደቻቸው። አዲሱን አልነኩም። ተንበርክከው በመኪናው ሥር እጃቸውን አሳልፈው የራሳቸውን ካምቢዮ ዳበሱ፤ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ፣ ለሥንብት ይመስል። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«ጌዲን ጥሩት። ይክፈተው።»

«አባዬ…»

«ይክፈተው ብያለሁ። ያረጀ ጥርሱ ይቀየራል፤ የሚቀየር ከሌለ አዲሱ ሞተር ይወርዳል። ፈይሰልም መጥቶ ሲከፈት ይይ፤ የራሱን ዝገትም ይዞ ይሂድ። አልተከፈተም፣ አልተከፈተም እያልኩ እኔ ነኝ ያሳበድኩህ።»

ሳህራ ተነሳች። «መኪናው እስኪጠገን ከዚህ ግቢ አይወጣም» አለች። «ሞተሬ እዚሁ ይቆይ። ሳብሪን በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ሁለት ወንበር እከፍላለሁ።» ወንደሰን ራሱን ነቀነቀ። ሳህራ ወደ ቆርቆሮው በር ሄደች፤ ልደትን ስታልፍ ቆመች። ድምፅዋን አላነሳችም።

«ጠዋት ሻሂዬን ስትጠጪ ይሄን ታውቂ ነበር?»

ልደት ጣቷ ላይ ያለውን ብር አየች። እጇን እያየች መሆኑን፣ ልክ እንደ ወንድሟ፣ ያወቀችው ቆይታ ነው። ቀና ብላ የሳህራን ዐይን አየች።

«አዎ ኤዶ። አውቅ ነበር።»

ሳህራ በሩን አልፋ ገባች፤ ቆርቆሮው ከኋላዋ ተጠጋ። ልደት ሽቦው ማንጠልጠያ ላይ ሲገባ የሚያሰማውን ትንሽ ድምፅ ትጠብቅ ጀመር። ከዚያ ክረምት ወዲህ ቀን ቀን በሽቦ ተይዞ የማያውቅ በር ነው። አባቷ መኪናውን እንደሚያዳምጡት አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ወንደሰን ከኋላዋ ለጌዲ ይደውላል። የሕፃን ልብስ ሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። እግር ተራመደ፣ ወደ በሩ መጣ፣ ቆመ።

«ሊዱ!» አለች ሳህራ ከማዶ።

«እመት ኤዶ?»

«ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣ የምትይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ነይ። ስትመጪ ግን የምታውቂውን ሁሉ ይዘሽ ነይ። ከፎጣ ሥር ምንም እንዳታስቀሪ።»

የሳህራ እግር ተመለሰ። የሽቦው ድምፅ አልተሰማም።